ለገና የተሰጠ ምጣድ ሲበላሽ፣ ጫማው አልሆን ሲል

ጥያቄ፦ «የምኖረው ለገጣፎ ነው። ሐዋሳ የሚኖረው ወንድሜ ለሥራ አዲስ አበባ መጥቶ ሳለ ለገና የኤሌክትሪክ ምጣድ ከመርካቶ ገዝቶ ሰጠኝ። አማቴ ደግሞ ለአምስት ዓመቷ ልጄ ጫማ አመጡላት። ምጣዱ የተገዛው ታኅሣሥ 18 ነው፤ አሟሽቼ መጀመሪያ የጋገርኩበት ጥር 1 ነው። ግማሹ አይሞቅም፤ እንጀራው በአንድ በኩል በስሎ በሌላው በኩል ሊጥ ሆኖ ይቀራል። መሰኪያውም ትንሽ ጠቆር ብሏል። ካርቶኑ ውስጥ የአንድ ዓመት ዋስትና የሚል ካርድ አለ። ጥር 8 ሱቁ ድረስ ብሄድ ‹የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ ደረሰኙ ላይ ተጽፏል፤ ቀኑም አልፏል፤ ደግሞ ገዢው አንቺ አይደለሽም› አሉኝ። ጫማው 28 ቁጥር ነው፤ ጠበባት። አማቴ የገዙት ከሰፈራችን ቡቲክ ነው፤ ደረሰኝ ይኑራቸው አይኑራቸው ለመጠየቅ አፈርኩ። መብቴ እስከ ምን ድረስ ነው?»

ምላሽ፦ ሁለቱ ዕቃዎች አንድ ጉዳይ አይደሉም። ምጣዱ ጉድለት ያለበት ዕቃ ነው። ጫማው ግን ደህና ዕቃ ነው፤ ልኩ ብቻ አልመጣም። ሕጉ ግዴታ የሚጥለው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ ሁለተኛው በባለሱቁ ፈቃድና በሰፈር ወግ የሚያልቅ ነገር ነው። የበዓል ማግስት ጭቅጭቅ አብዛኛው የሚነሳው እነዚህ ሁለቱ ሲደባለቁ ነው። ገዢ ቀለሙን ያልወደደውን ልብስ «መብቴ ነው» ብሎ ይዞ ይመጣል፤ ነጋዴ ደግሞ የተበላሸውን ዕቃ «የተሸጠ አይመለስም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በአንቀጽ 20 እንደሚለው፣ ሸማቹ በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ካገኘ ከገዛበት ቀን አንስቶ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም የከፈለው ገንዘብ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል። ይህ መብት ከሕግ የመጣ ስለሆነ በደረሰኝ ግርጌ በታተመ ወይም በመስታወት ላይ በተለጠፈ አንድ መስመር ጽሑፍ አይጠፋም። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማስታወቂያ ሊሠራ የሚችለው ደህና ዕቃ ሐሳብ ተለውጦ ሲመለስ ነው። ጉድለት ላለበት ዕቃ መልስ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ሱቁ ከሰጠዎት ሦስት መልሶች የመጀመሪያው ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው መልስ፣ ቀኑ አልፏል የሚለው፣ ግማሽ እውነት አለበት፤ የበዓል ስጦታ ትልቁ ወጥመድም እዚሁ ላይ ነው። 15 ቀኑ የሚቆጠረው ዕቃው ከተገዛበት ቀን ነው። ስጦታው የተሰጠበት፣ ካርቶኑ የተከፈተበት ወይም መጀመሪያ የተጋገረበት ቀን አይታይም። ታኅሣሥ 18 የተገዛ ምጣድ 15 ቀኑ ጥር 3 ያልቃል። ገና ታኅሣሥ 29 ስለሆነ ከ15ቱ 11ዱ ቀን ያለቀው ዕቃው ታሽጎ ተቀምጦ ሳለ ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላ የቀረዎት አራት ቀን ብቻ ነበር ማለት ነው። ጉድለቱን ያዩት ጥር 1፣ በጊዜው ውስጥ ነው፤ ሱቁ የሄዱት ግን ጥር 8 ነው። በእነዚያ መሃል ቀናት አንድ አጭር የስልክ መልእክት እንኳ ለሱቁ ልከው ከነበረ ይፈልጉት፤ ጥያቄው በጊዜው መቅረቡን የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ያም ሆኖ አምስት ቀን መዘግየት ምጣዱን አያስቀርብዎትም። ምክንያቱም ያው አንቀጽ 20 ለሸማቹ የበለጠ የሚጠቅም ዋስትና፣ ሕግ ወይም ውል ካለ እሱን አይነካም። ካርቶኑ ውስጥ ያለው የአንድ ዓመት ዋስትና ካርድ እንዲህ ያለው የበለጠ የሚጠቅም ነገር ነው። ሻጩ «ዋስትናው የአምራቹ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ሊልዎት ይችላል። ካርዱ ላይ የሱቁ ማህተም ካለ ዋስትናውን ራሱ እንደተቀበለው ነው የሚቆጠረው። ማህተሙ የአስመጪው ወይም የአምራቹ ከሆነ ደግሞ ወደዚያ መሄድ ይኖርብዎታል፤ ሱቁም ቢያንስ አድራሻውን መስጠትና ዕቃው ከእሱ መገዛቱን ማረጋገጥ አለበት። ባዶ የሆነ፣ ቀንና ማህተም የሌለው ካርድ ደካማ ማስረጃ ነው። እሱን የሚያጠነክረው ደረሰኙ ነው፤ የዋስትናው ዓመት ከመቼ እንደሚቆጠር የሚያሳየው የደረሰኙ ቀን ነውና።

ከዚህ ሌላ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አለ። ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከጉድለት ነፃ እንዲሆን ዋስ ነው ይላል፤ ገዢ ደግሞ ዕቃውን ሁኔታው እንደፈቀደለት መርምሮ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። «ሳይዘገይ» የሚለው ቃል ከባድ ነው። ምጣዱን እየተነጫነጩ ለሁለት ወር ጋግረውበት ቢሄዱ ጉዳዩ ይላላል። ስለዚህ ጉዳዩ እስኪያልቅ አይጋግሩበት።

«ገዢው አንቺ አይደለሽም» የሚለው ሦስተኛ መልስም አያዋጣም። አዋጁ ሸማችን ሲተረጉም ለግል ወይም ለቤተሰብ ፍጆታ የሚገዛ፣ ዋጋውን ራሱ ወይም ሌላ ሰው የሚከፍልለት ሰው ይላል። «ሌላ ሰው» የሚለው ሐረግ ስጦታ ለተቀበለ ሰው በር ይከፍታል። ሱቁ ውስጥ ግን በትርጉም ከመከራከር ይልቅ ቀላሉን መንገድ ይያዙ፦ ወንድምዎ ዋናውን ደረሰኝ ከሐዋሳ በሰው ወይም በፖስታ ይላኩ፤ ለሱቁም በራሳቸው ስልክ ደውለው «ዕቃውን የገዛሁት እኔ ነኝ፣ ጉዳዩን እህቴ ትከታተላለች» ይበሉ። ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ከሆነ የማስተላለፊያውን ማስረጃም ይጨምሩ። ገንዘብ የሚመለስ ከሆነ ነጋዴው ወደ ከፋዩ ሒሳብ መመለስ ቢፈልግ ትክክል ነው፤ ይህን እንደ እምቢታ አይቁጠሩት።

አሁን ወደ ምጣዱ። ሱቅ ከመመለስዎ በፊት ጉድለቱ የዕቃው መሆኑን ማወቅ አለብዎት፤ የባለሱቁ ቀጣይ መልስ «አጠቃቀም ነው» መሆኑ አይቀርምና። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። በ220 ቮልት ይህ ከ16 እስከ 18 አምፔር ነው። ተራ የግድግዳ ሶኬት የተሠራው ለ16 አምፔር ነው፤ ሱቅ የሚሸጡ ብዙ ኤክስቴንሽኖች ደግሞ ለ10 አምፔር ብቻ ናቸው። ምጣድን በኤክስቴንሽን መሰካት ማለት ገመዱን ከአቅሙ እጥፍ ሊደርስ በሚጠጋ ጭነት ማቃጠል ነው። የእርስዎ መሰኪያ የጠቆረው በኤክስቴንሽን ተሰክቶ ከሆነ ያ ጥቁረት በእርስዎ ላይ ይቆጠራል፤ ለግማሽ ጎን መቀዝቀዝ ግን ምክንያት አይሆንም። ሁለቱን ለይተው ይናገሩ። መሰኪያው ቀጥታ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ የጠቆረ ከሆነ የሶኬቱ ጥርስ ላልቶ ወይም የመሰኪያው ብሎን በደንብ ሳይጠብቅ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የላላ ግንኙነት ይሞቃል፣ ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያቀልጣል። ለምጣድ የራሱ መስመር፣ ወፈር ያለ ሽቦና የራሱ ብሬከር ማስገባት ወደፊት ግዴታ አድርገው ይያዙት፤ ሌላ ምጣድ ቢሰጡዎትም ይኸው ነው የሚገጥመው።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ የመብራት ኃይል መውረድ። ከከተማው ዳር ባሉ ሰፈሮች፣ በተለይ ምሽት ላይና በበዓል ዋዜማ ሁሉም ሲጋግር፣ ቮልቱ ይወርዳል። ሙቀት ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፣ በካሬ ነው የሚወርደው። 220 የነበረው 180 ቢሆን የምጣዱ ኃይል ወደ 67 በመቶ ይወርዳል፤ ከሦስት እጅ አንዱን ሙቀት አጣ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ደህና ምጣድ «ተበላሸ» ተብሎ ወደ ሱቅ ይመለሳል። ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ኃይል ሲወርድ ምጣዱ በሙሉ ይደክማል፣ እንጀራው በሙሉ ይነጣል። ግማሹ ሞቆ ግማሹ ሲቀዘቅዝ ግን ችግሩ ውስጥ ነው። ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ምጣዱን የሚያግለው ሽቦ፣ በሁለት ዙር የተዘረጋ ከሆነ አንዱ ተበጥሷል ወይም ከመገጣጠሚያው ወጥቷል። ይህን ማሟሸት አያመጣውም፣ አጋጋርም አያመጣውም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ኃይል ደህና በሚሆንበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ምጣዱን ደልዳላ ቦታ ላይ ያስቀምጡ። ካዘነበለ ሊጡ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ስለሚወፍር ያልበሰለ ይመስላል፤ አንድ ሳህን ውኃ አጠገቡ አስቀምጠው ደረጃውን ይዩ። ቀጥታ ግድግዳ ላይ ሰክተው 15 ደቂቃ ያግሉት። ከዚያ በሁለቱም ጎን አንድ አንድ ቁንጢር ዱቄት ይበትኑ። የሚሠራው ጎን ዱቄቱን ያጠቁረዋል፤ የማይሠራው ነጭ እንደሆነ ይተወዋል። ውኃ አይርጩበት፤ የጋለ ሸክላ በቀዝቃዛ ውኃ ይሰነጠቃል፣ ያኔ በጉድለቱ ላይ የእርስዎ ጥፋት ይጨመርበታል። ይህን ሁሉ ሳያቋርጡ በስልክ ቪዲዮ ይቅረጹ፤ መጀመሪያ ላይ መሰኪያውን፣ የምጣዱን መለያ ጽሑፍና የቀኑን ጋዜጣ ወይም የስልኩን ቀን ያሳዩ። ጋዜጣ ማሳየት የተጋነነ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን «መቼ የተቀረጸ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከሥሩ ይቆርጠዋል።

ከታች ያለውን ክዳን ግን አይክፈቱ፣ የሰፈር ኤሌክትሪሺያንም እንዳይከፍት። የተፈታ ብሎን የታየበት ዕቃ ዋስትናው ወዲያው ይወድቃል፤ በዚህ ላይ ነጋዴው የሚከራከረው በእውነት ነው። እኔ ካየኋቸው እንዲህ ያሉ ጉዳዮች ሁሉ በጣም የሚያሳዝኑት እነዚህ ናቸው፤ የ200 ብር ጥገና ፍለጋ የአንድ ዓመት ዋስትና ይጠፋል።

ምጣዱን ደግሞ መጀመሪያውኑ ተሸክመው አይሂዱ። ከለገጣፎ መገናኛ፣ ከመገናኛ መርካቶ በታክሲ የሚጓዝ 60 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ሸክላ መንገድ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። መጀመሪያ ቪዲዮውን በቴሌግራም ይላኩ፣ ይደውሉ፣ «ይዘሽ ነይ» የሚል ቃል በጽሑፍ ያግኙ፤ ከዚያ ከነካርቶኑ፣ በጨርቅ ጠቅልለው ይውሰዱት። ሲደርሱ ደግሞ ሰዓት ይምረጡ። መርካቶ ጠዋት በር ሲከፈት የሚመለስ ዕቃ ይዞ የሚገባ ሰው ፊት አያገኝም፤ «ገና ሳልጀምር» ይባላል። ቅዳሜ ደግሞ ጆሮ የሚሰጥዎት አያገኙም። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ይሞክሩ፤ ባለቤቱ መኖሩንም አስቀድመው ይጠይቁ። ሻጭ ልጅ የመወሰን ሥልጣን የለውም፤ ከእሱ ጋር መነታረክ ጊዜ ማባከን ነው፣ ለእሱም ግፍ ነው።

ምን እንደሚጠይቁም ከወዲሁ ይወስኑ። ገንዘብ ይመለስልኝ ከማለት መጀመሪያ ያው ዓይነት ሌላ ምጣድ ይለወጥልኝ ይበሉ። ምክንያቱ ነጋዴው ልቡ የደነደነ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሽያጭ አንዴ በካሽ ሬጅስተር ማሽን ከተመዘገበ እንደ ደብተር አይሰረዝም። ምጣዱ ታክሱን ጨምሮ 11,500 ብር ከተሸጠ 1,500 ብሩ ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፤ ገንዘቡን ሲመልስ ዋናውን ደረሰኝ ተቀብሎ፣ ተመላሹን መዝግቦ በማስረጃነት ካላያያዘ ያን 1,500 ብር ላልሸጠው ዕቃ ይከፍላል። የደረሰኙን ፎቶ ብቻ ይዘው ሲሄዱ «ዋናውን አምጪ» የሚሉት ለዚህ ነው፤ ልክ ናቸው። በዕቃ ሲለወጥ ግን ሽያጩ እንዳለ ይቆያል፤ የማሽኑ ጣጣ የለም። ስለዚህ ልውውጥ ቶሎ ይሳካል። ዋጋ ጨምሯል፣ ልዩነት ይክፈሉ ቢሉዎት እምቢ ይበሉ፤ ጉድለት ያለበትን በዚያው ዓይነት መተካት አዲስ ሽያጭ አይደለም። ጥገና ቢያቀርቡ ደግሞ አንድ ጊዜ ይቀበሉ፣ ግን የሚመለስበትን ቀን በጽሑፍ ያስቀምጡ፤ ከተጠገነ በኋላ ያው ችግር ቢደገም እንደሚለወጥም ያስጽፉ።

ሁሉንም በቃል አይተዉት። በአንድ ገጽ ላይ የተገዛበትን ቀን፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ ጉድለቱ የታየበትን ቀን፣ ጉድለቱ ምን እንደሆነና የሚጠይቁትን ጻፉና በሁለት ቅጂ ይውሰዱት፤ አንዱ ላይ ተቀብያለሁ ብለው ይፈርሙልዎት። አንፈርምም ካሉ ያንኑ ጽሑፍ ፎቶ አንስተው በዚያው ቀን ለሱቁ ስልክ ይላኩ። ጽሑፉ አጭርና ስድብ የሌለበት ይሁን፤ ይህ ወረቀት በኋላ ሌላ ሰው ፊት የሚነበብ ነው።

በአንድ ሳምንት ውስጥ መልስ ካጡ አቤቱታ ይቀርባል፤ እዚህ ላይ ከከተማ ዳር የሚኖር ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ለገጣፎ በኦሮሚያ ክልል በሸገር ከተማ ሥር ነው፤ ሱቁ ያለው ግን መርካቶ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። የሰፈርዎ ንግድ ጽሕፈት ቤት በመርካቶ ነጋዴ ላይ ሥልጣን የለውም፤ እዚያ ሰልፍ ይዘው ግማሽ ቀን አያቃጥሉ። አቤቱታው የሚሄደው ፈቃዱን ወደሰጠው፣ ሱቁ ወዳለበት ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። የሰፈሩ ቡቲክ ጉዳይ ቢሆን ግን እዚያው ለገጣፎ ያልቃል። «ሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ሂዱ» የሚሉ አሉ፤ ያ ባለሥልጣን ራሱን ችሎ አሁን የለም፣ በ2014ቱ የአስፈጻሚ አካላት አደረጃጀት ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል። ሲሄዱ ደረሰኙ ላይ ያለውን የሱቁን ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የደረሰኝ ቁጥር ይዘው ይሂዱ። በገበያ ውስጥ የሱቅ ስም በየጊዜው ይቀየራል፤ የግብር ከፋይ ቁጥሩ ግን ሰውየውን ያገኘዋል።

ደረሰኙ ራሱ እንዳይከዳዎት ይጠንቀቁ። የማሽን ደረሰኝ ሙቀት በሚያጠቁረው ወረቀት ላይ ነው የሚታተመው፤ ወጥ ቤት፣ ፀሐይ ያለበት መስኮት ወይም ፕላስቲክ ውስጥ ከቆየ ጽሑፉ ይጠፋል። እንደተቀበሉት ፎቶ አንስተው ዋናውን ደብተር መሃል ያስቀምጡት። ደረሰኙ ላይ «ዕቃ» ብቻ ተብሎ ከታተመ አታችመንቱን፣ ማለትም ከደረሰኙ ጋር የሚያያዘውን ዝርዝር ወረቀት፣ ይጠይቁ፤ የምጣዱ ዓይነትና ብዛት የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው። ሌላም አለ፦ በበዓል ግርግር «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ሲባል 15 በመቶ ለማትረፍ ያለ ደረሰኝ የሚገዛ፣ ወይም ከከፈለው ያነሰ ዋጋ የተጻፈበትን ደረሰኝ ዝም ብሎ የሚቀበል ብዙ ነው። ያ ሰው የመመለስ መብቱን ነው በቅናሽ የሸጠው። ሲመለስ የሚሰጠው የተጻፈው ነው፤ ያልተጻፈው አልተከፈለም።

ወደ ጫማው ስመጣ፣ ቡቲኩ የመለወጥ ሕጋዊ ግዴታ የለበትም። ጫማው አልተቀደደም፣ ቁጥሩም የተባለው ቁጥር ነው። ሆኖም የሰፈር ነጋዴ ደንበኛ ማጣት አይፈልግም፤ በቁጥር መለወጥ ለእሱ ምንም አያስወጣውም፣ ጫማው ካልተረገጠ። ስለዚህ ሶሉ ላይ ጭረት እንዳይኖር፣ ታጉ እንዳይቆረጥ፣ ካርቶኑ እንዳይጣል። ልጅቷ በድጋሚ የምትለካው ምንጣፍ ላይ ቆማ ብቻ ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላ በፍጥነት መሄድ ያለብዎት ሕግ ስለሚያስገድድ አይደለም፤ አነስተኛ ቡቲክ ከአንድ ሞዴል በየቁጥሩ አንድ ወይም ሁለት ጥንድ ብቻ ስለሚይዝ ነው። ለልጅቷ የሚሆነው ቁጥር ካለቀ ልውውጡም አለቀ።

ሲሄዱ «ትልቁን ስጡኝ» አይበሉ፤ ለክተው ይሂዱ። ልጅቷን ወረቀት ላይ አቁመው ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ይለኩ፤ ምሽት ላይ ይሁን፣ እግር ቀን ውሎ ትንሽ ያብጣል። 1.2 ሴንቲ ሜትር ያህል ለመራመጃ ይጨምሩና በ1.5 ያባዙት፤ የሚመጣው በአውሮፓ አቆጣጠር የጫማው ቁጥር ነው። እግሯ 18.5 ከሆነ 19.7 ይሆናል፣ በ1.5 ሲባዛ 29.6፤ 30 ቁጥር ማለት ነው። 17.4 ቢሆን ኖሮ 28ቱ ይበቃት ነበር። ሁለቱንም እግር ይለኩ፤ የሚበልጠውን ይያዙ። አንዳንድ ፋብሪካ ቁጥሩን ቢጽፍም ጠባብ ስለሚሠራ ወረቀቱን ቆርጠው ጫማው ውስጥ ማስገባት ከማንኛውም ቁጥር ይበልጣል።

አማትዎን ስለመጠየቅ፦ ይጠይቋቸው፣ ግን ዋጋውን ሳይሆን ሱቁን። «እማማ፣ ጫማውን በጣም ወደደችው፤ ያንኑ በቁጥር ከፍ ባለ ልለውጥላት ነበር፤ ከየትኛው ሱቅ ነው?» ቢሉ የሚያስከፋ ነገር የለውም። እንዲያውም እሳቸው አብረው ቢሄዱ ይሻላል፤ ቡቲኩ የሸጠው ለእሳቸው ነው፣ ፊታቸውን ያውቃል፣ ደረሰኝ ባይኖርም ቃላቸው ይበቃል። አፍሮ ዝም ማለት የሚያስከትለው ልጅቷ በጠባብ ጫማ ጥምቀትን መዋሏን ወይም ጫማው ካርቶን ውስጥ መቅረቱን ነው፤ አማትዎ ይህን ቢያውቁ ነው በእውነት የሚያዝኑት።

ቡቲኩ እምቢ ካለ ግን አይከራከሩ። ለአንድ ጥንድ ጫማ ንግድ ጽሕፈት ቤት መሄድ የሚያዋጣ አይደለም፤ ሕጉም ከእርስዎ ጎን አይቆምም። ለዘመድ ልጅ ይስጡት። የሀገር ልብስም እንደዚሁ ነው፤ በልክ የተሰፋ ቀሚስ አይለወጥም፣ ማስፋት የሚቻለውም ልብስ ሰፊው በስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ከተወ ብቻ ነው። ሽሮ ሜዳ ለሌላ ሰው ስጦታ የሚገዛ ሰው ያልተሰፋውን ቢሰጥና ለስፌት የሚሆነውን ቢጨምር ይህ ሁሉ አይመጣም።

ለሚቀጥለው በዓል የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ ለወንድምዎም ይንገሩ። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ባለሱቁን የዕቃው ዋጋ ያልተጻፈበት አንድ ትንሽ ወረቀት ያስጽፉ፦ የዕቃው ስም፣ ቁጥሩ ወይም ቀለሙ፣ የደረሰኝ ቁጥሩ፣ «ካልተጠቀሙበት ከነካርቶኑ እስከዚህ ቀን ድረስ በቁጥር ወይም በቀለም ይለወጣል» የሚል፣ ፊርማና ማህተም። ቀኑ ከበዓሉ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይሁን። ይህን ወረቀት ከስጦታው ጋር ካርቶኑ ውስጥ ያስገቡት፤ ዋጋው ስለማይታይ ይሉኝታ የለውም። ሕጉ በደህና ዕቃ ላይ ያልሰጠዎትን መብት በውል ማግኘት ማለት ይህ ነው፤ ነጋዴ ደግሞ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት የማይጽፈው ነገር ጥቂት ነው፣ ከተቀበለ በኋላ የሚጽፈውም ጥቂት ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዕቃ ከሆነ ከበዓሉ ከአምስት ቀን በላይ ቀድመው አይግዙ፣ ወይም ቀድመው ገዝተው ራስዎ ሱቁ ውስጥ ሰክተው ይሞክሩት።

በበዓል ባዛር የሚገዛ ሰው ደግሞ የሻጩን ቋሚ ሱቅ አድራሻ ይጠይቅ፤ ባዛሩ በዋዜማው ይፈርሳል፣ ድንኳኑም ሻጩም አብረው ይሄዳሉ። በቴሌግራም ሲያዙ ሞተረኛው ሳይሄድ ካርቶኑን ከፍተው አይተው ይክፈሉ፤ ገንዘብ አስቀድሞ የሚጠይቅ፣ የሱቅ አድራሻ የማይሰጥ ወይም የባንክ ሒሳቡ ከሱቁ ስም ጋር የማይገናኝ ሰው ጋር ስጦታ አይግዙ። ስልክ ከሆነ *#06# ደውለው የሚወጣው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዚያው ይመልከቱ።

አሁን ዛሬ የሚያደርጉት ይህ ነው፦ ለወንድምዎ ደውለው ዋናውን ደረሰኝ ያስልኩ፣ ነገ ጠዋት ቪዲዮውን ይቅረጹ፣ ደብዳቤውን በዋስትና ካርዱ ላይ ተመሥርተው ይጻፉ እንጂ በ15 ቀኑ ላይ አይደለም። እስከዚያ ምጣዱ ከሶኬት ተነቅሎ ይቀመጥ።